ጋሽ ተኽለ ሳይፈቅዱ መብራት አይበራም

ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ሰፈር ላለው ፀጉር ቤታችን ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ነበር። የፊውዝ ሳጥኑ አርጅቷል፣ አዲስ የገዛኋቸውን ማሽኖች አልችልም ብሏል። የመጣው ልጅ ወጣት ነው፤ በሰዓቱ ደረሰ፣ ጫማው ላይ ላስቲክ አጠለቀ፣ ሳጥኑን ከፈተ። ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ፣ ይሄ የምን ጽሕፈት ነው አለኝ። ከእያንዳንዱ ፊውዝ ሥር ሁለት መስመር አለ፤ ከላይ ጀርመንኛ፣ ከታች አማርኛ። «ካስክ»። «ውሃ ማሞቂያ»። «የጓዳ መብራት»። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ፊደሉ ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሳወራ የምውል ሰው። ያን ጊዜ ግን መልሱን ትቼ የደበዘዘውን ፊደል በጣቴ ዳሰስኩት።

ልጅ እያለሁ ይህ ቤት ጫማ ሰፊ የለቀቀው ባዶ ክፍል ነበር። ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል። እማዬ በሩን ከፍታ ስትገባ አፍንጫዬን ይዤ ተከተልኳት፤ እሷ ግን ምንም በሌለበት ግድግዳ ላይ በሐሳቧ መስታወቶቿን ሰቅላ ጨርሳለች። እስከዚያ ድረስ የምትሠራው ጊንሃይም ሰፈር ካለው ቤታችን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤታችን በሴቶች ይሞላል፣ እኔ በፀጉር ቅባትና በሻምፖ ሽታ መሃል የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ ሲሰለቸኝ ወርጄ ከጀርመን ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ እዘላለሁ። እነሱ በሌላ ስም ቢጠሩትም ጠመኔውና ጠጠሩ ያው ነው። አባቴ ያረፈው እኔ አፌን ሳልፈታ ነው፤ እማዬ ያላት እኔና የእጇ ሙያ ብቻ ነበርን። የራሷ ሱቅ እንዲኖራት የተመኘችውን ያህል ምንም ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ፌርሚተሯ፣ ማለት የቤቱ ባለቤት፣ ቆፍጠን ያለች ጀርመናዊት ነበረች። የግድግዳው ሽቦ ያረጀ ስለሆነ፣ ማይስተር፣ ማለት ፈቃድ ያለው ዋና ባለሙያ፣ የሆነ ኤሌክትሪሺያን አዲስ ዘርግቶ ካልፈረመ ውል የለም አለች። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ስልክ ደውሎ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ መያዝ ነው። እኛ ግን ጋሽ ተኽለ ነበሩን።

ጋሽ ተኽለ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩ፣ ጉልምስናቸውን ሁሉ ኮረንቲ ሲሠሩ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እኔና እማዬ ፍራንክፈርት ስንደርስ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥተው የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። ቤት እስክናገኝ መኝታ ክፍላቸውን ለኛ ለቀው፣ ከሚስታቸው ጋር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኙ። እዚህ አገር የሙያ ወረቀታቸው አልሠራ ብሏቸው ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሲገፉ ይውሉ ነበር፤ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ግን በየሳምንቱ አውጥተው ካቻቢቴና ፒንሳውን ይወለውሉታል። የሱቁን ወሬ እንደሰሙ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እማዬን በስሟ ጠርተው፣ የአስቴርን መብራት የምሠራው እኔ ነኝ፣ ያውም በነፃ ብለው አወጁ። ያን ዕለት በእድሜያቸው አሥር ዓመት የቀነሱ መስለው ነበር።

እማዬ ምን ትበል? እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ አለች። በማግስቱ ደግሞ አቶ ኩንትስ፣ በነሱ አጠራር ሄር ኩንትስ፣ ከሚባል ማይስተር ጋ ደውላ ቴርሚን ያዘች። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እናቴ ወጣች። ፀጉር እየሠራች በሐሳብ ትነጉዳለች፤ አንዴ የአንዷን ሹሩባ ወደ ግራ ጀምራ ወደ ቀኝ ጨረሰችው። ማይስተሩን ብትመልስ ሱቁ ቀረ። ጋሽ ተኽለን ብትመልስ የበላችበትን ወጪት ሰባሪ ልትባል ነው፤ ከመባሉም በላይ እሳቸውን ማሳዘን አንጀቷ አልቻለም። ይሉኝታ የሰው አፍ መፍራት ብቻ አይደለም፣ ፍቅርም አለበት። ይህ ያኔ አልገባኝም። እኔ በጀርመንኛ፣ ለምን ዝም ብለሽ አትነግሪያቸውም እላታለሁ፤ እሷ በአማርኛ፣ አፍሽን ያዢ ትለኛለች።

የቴርሚኑ ጠዋት ሄር ኩንትስ መሰላሉን ዘርግቶ ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተኽለ ናቸው። ፋብሪካው እረፍት ሰጥቷቸው፣ ሳልነግራት መጥቼ ላስደስታት ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጥተዋል። መሰላሉን አዩ። ሰውየውን አዩ። ከዚያ እማዬን አዩ። ቦርሳውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «ሰው አለሽ እንዴ አስቴር። እንግዲያው ልሂድ» አሉ።

ጥግ ላይ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የፀጉር ቤት ወንበር ነበር፣ የሱቁ የመጀመሪያ ዕቃ። እማዬ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችና ወንበሩን እየገፋች ወለሉ መሃል አቆመችው።

«የት ይሄዳሉ ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች። «ፌርሚተሯ የሚፈርም ማይስተር አምጪ ብላኛለች፤ ይኸው መጣ። ልጅ ስትዳር እንኳ ሽማግሌ ሳይመረምር ትሰጣለች? ሙያ ይኑረው አይኑረው እኔ በምን አውቄ። እርስዎ ይመርምሩልኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ መሰላሉን ተሸክሞ ይሂድ፣ ሱቁም ይቅርብኝ።»

የምርመራውን ነገር እዚያው ቆማ ነው የፈጠረችው። የመጨረሻውን ነገር ግን ከልቧ እንዳለችው ዛሬም አምናለሁ።

ጋሽ ተኽለ ወንበሩን ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ጓለይ» አሉኝ፣ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ጠይቂልኝ እስቲ። ሙያውን ከማን ነው የተማረው?»

ሄር ኩንትስ ከኛ በኋላ ሌላ ቴርሚን አለው። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መሰላል ሥር ቆማ፣ ሽማግሌው ማን እንዳስተማረህ ማወቅ ይፈልጋሉ ስትለው መጀመሪያ ሳቀ። ከአባቴ አለ። አባትየውስ? ከአያቴ። ጋሽ ተኽለ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዘሩ አልከፋቸውም። ቀጥሎ ጥያቄው ጠበቅ አለ። ካስኮቹ፣ ማለት ፀጉር ማድረቂያዎቹ፣ በአንድ መስመር ናቸው ወይስ ለየብቻ? የመሬት ሽቦው በየት ይገባል? ከውሃው አጠገብ ያለው ሶኬት ምን ያህል ይርቃል? ሄር ኩንትስ ከመሰላሉ ወረደ። ጠያቂው የሥራ ሰው መሆኑ ገብቶት፣ እኔን ማየት ትቶ ለሳቸው ግድግዳውን እያሳየ ማስረዳት ጀመረ። በመጨረሻ ጋሽ ተኽለ ወደ እማዬ ዞረው «ይጀምር» አሉ።

ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የጠዋት ፈረቃቸውን ጨርሰው እየመጡ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የተቦረቦረ ግድግዳ አቧራ በሩ ላይ ይቀበለኛል፤ ሁለቱ ያለ እኔ ትርጉም በጣት ሲግባቡ አገኛቸዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ሄር ኩንትስ ሳጥኑ ውስጥ የገባች አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አሳያቸው፤ ኤፍ ኢ ይሏታል። የረጠበ እጅ ሽቦ ቢነካ፣ ኮረንቲው ሰውየውን ሳይገድለው እሷ ትቆርጠዋለች። መሞከሪያዋን ሲጫን ቀጭ አለችና መብራቱ ሁሉ ጠፋ።

«ይድገመው በይው» አሉኝ። ደገመው። ጋሽ ተኽለ መነጽራቸውን አወለቁ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ በእርጥብ እጁ ሽቦ ነክቶ እዚያው እንደቀረ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩን። «አስቴር» አሉ ከዚያ፣ «እኔ ብሠራው ይቺን አላገባልሽም ነበር። አላውቃትም። ያንቺ እጅ ደግሞ ውሎው ውሃ ውስጥ ነው። እንኳንም ይህን ሰው ጠራሽ።»

እማዬ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች፣ አለቀሰችም። እሳቸው ግን ሽማግሌነታቸውን አልረሱም፤ ተነሥተው ለሄር ኩንትስ እጃቸውን ዘረጉና «ልጃችንን ሰጥተናል በይልኝ» አሉ። እንዴት አድርጌ እንደተረጎምኩት እንጃ። ሰውየው ግን በሁለት እጁ ነው የጨበጣቸው።

ያን ዕለት ሄር ኩንትስ የፊውዞቹን ስም በጀርመንኛ ሲጽፍ፣ ጋሽ ተኽለ እስክሪብቶውን ተቀብለው እማዬ ስትደነግጥ እንድታነበው ከሥሩ በአማርኛ ጻፉ። ሱቁ የተከፈተ ቀን ካስኮቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠሩ አምፖሉ ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አዲስ አዋጅ ወጣ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ኮረንቲ የሚያስነካ ሰው መጀመሪያ ማይስተር ይጥራ፣ ቀጥሎ እኔን ይጥራ አሉ። ሰውም ሰማቸው። ሐበሻ ሱቅ ሲከፍት፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ቬስትኤንድ ቢሮ የሚከራየውም ጭምር፣ ባለሙያውን ይቀጥራል፣ ጋሽ ተኽለን ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ቀሏል። ባለሙያውን በስልኬ መርጬ ጠራሁት፣ ሠርቶ ይሄዳል፣ ማንም አይቀየምም። የድሮው ሁሉ ይሻል ነበር ከሚሉት ሰዎች አይደለሁም፤ ኮረንቲ በይሉኝታ እንደማይሠራ በልጅነቴ ተምሬያለሁ። ግን አሁን ባለሙያውን ከማን ተማርክ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ያ ጥያቄ ይናፍቀኛል።

ወጣቱ አዲሱን ሳጥን ከለካ በኋላ ስሞቹን በማሽን አትሞ እንደሚለጥፍ ነገረኝና፣ ከታች ቦታ ልተው ወይ አለኝ። አዎ፣ ተውልኝ አልኩት። እሱ እንደወጣ ጊንሃይም፣ ጋሽ ተኽለ ቤት ደወልኩ። አሁን አርጅተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ይምጡ ሲሏቸው፣ እኔ ከእንግዲህ ለምን እረባለሁ ይላሉ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ቴርሚን አለዎት?»

«የሐኪም ካልሆነ ምን ቴርሚን አለኝ።»

«የሱቁን ፊውዝ ሳጥን ላስቀይር ነው።»

«የሚሠራው ማይስተር ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ፈለግሽኝ?»

«ከማን እንደተማረ አልጠየቅኩትማ። እርስዎ ካልመረመሩት አላስጀምረውም።»

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ «ወንበሬ አለ?»

ወንበሩ አለ። ቆዳው ተቀይሯል፣ ስንት ሙሽራም ተሠርታበታለች። ሐሙስን ግን ለማንም አልሰጠሁትም።