በወንድሜ ለቅሶ ያጠለቅኩት ሄድፎን

ወንድሜ ሲሞት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰው ሁሉ ነገሩን ከመሃል ጀምሮ ስለሚያወራው ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን እስከ ዛሬ «ወንድሙ ሞቶ ሄድፎን አድርጎ የተቀመጠው» ይሉኛል። አዎ፣ አድርጌያለሁ። መናገር ብዙ አይሆንልኝም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ዕድሩ ድንኳኑን ካነሣ በኋላ ለቅሶው ወደ ውስጥ ገባ። አልጋው ወጥቶ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ። እናቴ፣ የአባቴ እህትና እኔ ፍራሹ ላይ፤ እንግዶቹ ዙሪያውን አግዳሚ ላይ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ስለዚህ በቤቱ የቀረሁት ወንድ እኔ ነኝ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እኔን አይቶ፣ እኔን አጽናንቶ መሄድ አለበት። አንድ ቀን አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ሁለት ሰዓት አጥንቼ ስመለስ አክስቴ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ዛሬ ስንት ሰው የት ሄደ ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቃለህ?»

«ፈተና አለብኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ፈተናው የትም አይሄድም። ለዓመት ትፈተናለህ። ወንድም በየዓመቱ አይሞትም።»

ሌላም ነገር ነበር። ፈተናውን የምንወስደው ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው። አርባው ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት ተነሥቼ ሌላ ቦታ ላድር ነው ማለት ነው። ይህ ለአክስቴ የሚነሣ ጉዳይ እንኳን አልነበረም።

ወንድሜ ፒያሳ ወርቅ ቤት ነበር የሚሠራው። እሱም ተፈትኖ አላለፈም። «እኔ በሂሳብ ነው የወደቅኩት፤ አንተ መውደቅ ካለብህ ሌላ ትምህርት ፈልግ፣ እንዳትኮርጀኝ» ይለኝ ነበር። ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሂሳቡን አብሮኝ ይሞክራል። ግማሹ አይገባውም። «ለዓመት እፈተናለሁ» ብሎ ነበር አንዴ፣ እኔ ትንሽ ልጅ እያለሁ። አልተፈተነም። ሥራ መጣ፣ አባታችን ሞተ፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ «ለዓመት» የሚለው ነገር እኔን አያታልለኝም።

እዚያው ፍራሹ ላይ አነባለሁ ብዬ ወሰንኩ። አልቻልኩም። ለቅሶውን እችለዋለሁ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ያቃተኝ ጥያቄው ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ትንሽ ተቀምጦ «ምን አገኘው?» ይላል። እናቴ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ሆዴን አለ። ሻይ ጠጣ። አርብ ሥራ ገባ። ቅዳሜ... እያለች ትሄድና «ጃኬቴን ያዢልኝ አለኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆረጣል፣ ቤቱ ሁሉ ያለቅሳል። ከዚያ ሌላ ሰው ይገባል። ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ። ወንድሜ በቀን አሥር ጊዜ ይሞታል። እኔ ደግሞ አሥሩንም ጊዜ ያው ገጽ ላይ ነኝ።

ለክፍላችን የምረቃ መጽሔት ያስቀመጥኩትን ብር ይዤ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ሄድፎን ልገዛ ወጣሁ። ፎቶዬ መጽሔቱ ላይ የለም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የክፍሌ ልጅ መክሮኝ ነበር፦ «ካርቶኑ ላይ ኢኤንሲ ካለ ተወው። እሱ ስትደውል ያንተን ድምፅ ለሌላው ሰው ነው የሚያጠራው፣ ላንተ ጆሮ ምንም አያደርግም። ኤኤንሲ የሚለውን ፈልግ፤ የውጭውን ድምፅ የሚያጠፋልህ እሱ ነው። ሳትሞክር ደግሞ እንዳትከፍል።»

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ የእኔ እኩያ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ነገሮች ዘረገፈልኝ። ካርቶናቸው ላይ ኢኤንሲ ይላል።

«ይሄ እኮ ሌላ ነው» አልኩት።

«ያው ነው ወንድሜ፣ ቻይና ፊደል ስትቀያይር ነው።» ዘፈን ከፍቶ ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። «በለው! ውጭው ይሰማሃል?»

«ዝጋው። ያለ ዘፈን ነው የምሞክረው።»

«ያለ ዘፈን? ታዲያ ጥጥ አትገዛም!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ስልኬን መያዣ ትቼለት ውጭ የቆመው ታክሲ ጋ ወጣሁ። ረዳቱ «ስድስት ኪሎ! ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል። በባዶ ጆሮ ከምሰማው ምንም አልቀነሰም። መልሼ ሰጠሁት።

ሦስተኛው ሱቅ የአንዲት ትልቅ ሴት ነው። በራቸው ላይ ጄኔሬተር ያጓራል። ጥቁር ልብሴንና ያልተላጨ ጢሜን አዩና «ማን ነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ልጄ፣ ገና ሐዘን ላይ ሆነህ ዘፈን...»

«ዘፈን አይደለም። ዝም እንዲልልኝ ነው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ከላይኛው መደርደሪያ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን አወረዱ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም፣ የካርቶኑ ጠርዝ ተላልጧል። ኤኤንሲ ይላል። «ታዋቂ አይደለም፣ ስለዚህ አይወደድም። የሞተር ድምፅ ይበላል። የሰው ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ አይበላም፣ አልዋሽህም» አሉ። አጠለቅኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ዞሬ አየሁት፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳት አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ ሰው ነው። ሴትየዋ አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ አልለየሁም። ከቀብሩ ወዲህ ሰው የሚለኝን ሳልሰማ ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር። ተከራክሬ ትንሽ አስቀነስኩና ገዛሁ።

በማግስቱ ፍራሹ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ አጠለቅኩት። መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። የገባ ሰው ሲጨብጠኝ ብድግ እላለሁ፣ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እቀመጣለሁ። ነገሩ ይሠራ ነበር። አምስት ጥያቄ ጨረስኩ። ስድስተኛው ላይ እያለሁ ሄድፎኑ ከራሴ ላይ ተመዘዘ። አክስቴ ናቸው።

«በወንድምህ አርባ ዘፈን!» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። «ስሙ! ሁላችሁም ስሙ ምን እንደሚሰማ!»

ከሻሻቸው በላይ ጆሯቸው ላይ ደፉት። ጠበቁ። አንዱን ጎን ጫን አደረጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ሄድፎኑ ጆሯቸው ላይ ስላለ ድምፃቸው እንዴት እንደወጣ አልታወቃቸውም፦

«ምንም የለበትም!» ብለው ጮኹ።

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አክስቴ አወለቁት፣ የባሰ ተቆጥተው።

«ምንም ካልሰማህበት ለምንህ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ራሴን ያመኛል ማለት ይቻላል። አላልኩም።

«እናንተን ላለመስማት።»

እናቴ ለአንዲት ጎረቤት ታሪኩን እየነገረች ነበር፣ አርብ ላይ ደርሳለች። ዞር አለችና አየችኝ።

«እኔንም?»

«አዎ እማዬ። አንቺንም። ያወራሽ ቁጥር እንደገና ይሞትብኛል። እኔ ፈተና መቀመጥ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ።»

ተነሥቶ የሚመታኝ ሰው ጠበቅኩ። ማንም አልተነሣም። «የዛሬ ልጆች» ያለ ሰው ግን ነበር። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጎዳኋት፣ አውቃለሁ። ግን ቃሉን አልመልሰውም።

ብዙም ሳይቆይ ከደብረ ብርሃን የመጡ አንድ ዘመድ ገቡ። ተላቀስን። ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉና ያንኑ ጠየቁ፦

«ለመሆኑ ምን አገኘው ልጄን?»

እናቴ አፏን ከፈተች። ወደ እኔ ዞር አለች።

«ታመመ፣ ሞተ» አለች።

ሰውየው የቀረውን ጠበቁ። የቀረ አልነበረም። እናቴ እጇን ወደ አክስቴ ዘረጋች፣ ሄድፎኑን ተቀበለችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ አንብብ። ቀኑ ሲደርስ ትሄዳለህ።»

«አርባው ሳይወጣ?» አሉ አክስቴ።

«አርባውን እኔ አወጣለሁ። እሱ ይፈተን።»

አክስቴ እስከ ፈተናው ቀን አላናገሩኝም። ጎረቤትም የሚለውን አለ፣ አሁንም ይላል። ይበል። ያን ዕለት ሰው ሁሉ እያየኝ መልሼ አጠለቅኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ስድስተኛውንም ጥያቄ ሠራሁት።