የሐብሉ ጀርባ

ሠላሳ ክሮች ከሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በምስማር ታስረው ይንጠለጠላሉ። ጌጥ ወልዋይዋ ኦኖሪን አንዱን ትለይና ጫፉን በምላሷ አሹላ፣ በጌጡ ላይ አልማዝ በሚያርፍበት ቀዳዳ ታሾልከዋለች። ክሩን በዘይት የራሰ ቀይ የመወልወያ ዱቄት ትቀባዋለች። ከዚያ በግራ እጇ ወጥራ፣ ጌጡን በቀኟ ይዛ ክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ታመላልሰዋለች። በሳሙና ውሃ ታጥባለች፣ ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ መስታወት ካላበራ እንደገና ትጀምራለች። አልማዙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ያ ግድግዳ የሚታየው ከጌጡ ጀርባ ብቻ ነው።

ፓሪስ፣ ከታምፕል መንገድ ጀርባ፣ በጌታዋ በሙሴ ግራንቫል አንጥረኛ ቤት ስትቀጠር ፋሽኑ የወርቅ የውሃ ተርብና አንገቱን የደፋ አበባ ነበር። ቀጥሎ ወርቅ ተናቀና ፕላቲነም መጣ፤ እንደ ዳንቴል የሳሳ፣ ነጭ፣ ግን ግትር ብረት። ወርቅ በደቂቃ የሚታዘዘውን ፕላቲነም ሩብ ሰዓት ያስለምናል።

ከታላቁ ጦርነት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሐብል ወለወለች። አልማዞቹ ከአሮጌ የወርቅ ዘውድ የወጡ፣ ቀዳዳው አራት መቶ አሥራ ሁለት። ክረምቱ በእሱ አለቀ፣ ክሩም አመልካች ጣቷ ላይ ቦይ ቆፈረ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የሻጩ ቤት ስም ነው። እሷ ግን፣ ፊቱ የምታጠልቀው ሴትዮ ነው፣ ሳጥኑ የነጋዴው፣ ጀርባው የእኔ ነው ትል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሐብሉ ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ ሞታለች፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች የልጅ ልጇ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን የበዛበት የደረት ጌጥ ፈልጋለች። ድንጋዩ ይወጣል፣ ፕላቲነሙ ይቀልጣል።

«ሙሴ ግራንቫል፣ መሐለኛውን የቋጠሮ ቅርጽ እንኳ አያቅልጡት። ለተለማማጆች ማሳያ ይሁን» አለች ኦኖሪን።

«ምን ሊማሩበት ኦኖሪን? ዛሬ ጀርባ የሚያይ አለ እንዴ?»

ድንጋይ ነቃዩ ሽማግሌ አልሲድ ቀና ሳይል ጣልቃ ገባ፦ «ተይው እባክሽ። ድንጋዩ ሦስተኛ ሚስቱን እያገባ ነው፤ እኛ ሚዜዎች ነን።»

ሐብሉ ከምሳ በፊት ቀለጠ። ጠረጴዛዋ ላይ የተመለሰላት ከዚያው ብረት የተሠራው አዲሱ ጌጥ ነበር። ጌታዋ ክር አታባክኚ፣ ጀርባውን በሞተር ብሩሽ ዳበስ አድርገሽ ስጪኝ አላት። እሺ አለችና እንደለመደችው እያንዳንዷን ቀዳዳ በክር ወለወለች። ጌጡ ሦስት ቀን ዘገየ። ሙሴ ግራንቫል አልጮኸም፤ ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ ብቻ አለ።

እንደ ቤቱ ደንብ ስትወጣ እጇን በሩ አጠገብ ባለው በርሜል ውስጥ ታጠበች፤ ውሃው ተጣርቶ የከበረው ብረት ብናኝ ለጌታው ይቀራል። ፀጉሯን ትሪ ላይ አራገፈች። ሃያ ስድስት ዓመት የታጠቀችውን ሽርጥ አስረከበች፤ እሱም ከወለሉ ጥራጊ ጋር ተቃጥሎ ብረቱ ይለቀማል። ይዛ የወጣችው ያንን የጣቷን ቦይ ነው፤ እሱን ማቅለጥ አይቻልም።

አሁን ቤቷ ተቀምጣ ለጎረቤት ሱሪ ታሳጥራለች። ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦ «የአያታችሁ ጌጥ እጃችሁ ከገባ አፍርሱት፤ ንብረታችሁ ነው። ግን ለአቅላጩ ከመስጠታችሁ በፊት መስኮት ጋ ሄዳችሁ፣ አንዴ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩልኝ።»