ኃይል ሲደክም የሚነቃ ዘበኛ

የምርት ኃላፊው ይህን ሲያነቡ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ቅር ይበላቸው።

ለዶሮ ማስፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የምትሠራውን መሐንዲስ ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። እሷ ሳታየው ማብሪያ የሚነካ ሰው ካለ «ቆይ!» ትላለችና። ስትስቅ ግድግዳ ተሻግሮ ይሰማል። መቆጣጠሪያውን የነደፈችው እሷ ናት፤ የመሣሪያው አንጎል ከሆነው ማይክሮፕሮሰሰር ጎን ዘበኛ የምትለውን አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃም አቁማ ነበር። ዘበኛው የኃይሉን መጠን ይከታተላል፤ ኃይሉ ከልኩ ሲወርድ ፕሮሰሰሩን አስሮ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋም አይፈታውም።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለአዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ፣ «ፕሮሰሰር ኃይል ሲያንሰው አይሞትም፤ ይዘላብዳል» ትላለች። «የሚዘላብድ ሰው ምድጃ ታስጠብቃላችሁ?»

የምርት ኃላፊው ዘበኛውን «ትርፍ ጌጥ ነው» ብለው አስወጡት። በስብሰባ ስትሟገታቸው መሰኪያውን ነቅለው መልሰው ሰኩት፤ መሣሪያው ጠፍቶ በደንብ ተነሣ። ተጨበጨበላቸው። ፋብሪካው ከተቋቋመ ጀምሮ የሚፈትነው እንዲህ ነው፤ ለእሱ ኃይል ወይ አለ፣ ወይ የለም። የጎረቤት ወፍጮ ሲነሣ ግን ኃይል አይጠፋም፤ ይደክማል፤ አምፖል ቀልቶ ቆይቶ ይመለሳል። ኃላፊው ይህን ባያውቁ ኖሮ ባልተወቀሱ ነበር። ግን በዚያው ስብሰባ ፊት ለፊት ተነግሯቸዋል።

መሣሪያው የተተከለበትን ማስፈልፈያ የሚጠብቁት የመሐንዲሷ አክስት ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው በቀጣዩ ክፍል ትሪ ሲያጥቡ ወፍጮው ተነሣ፤ ኃይሉ ደከመ፤ ፕሮሰሰሩ ዘላበደ፤ ማሞቂያው እንደበራ ቀረ። የማስጠንቀቂያውን ደወል የሚያዘውም ያው ፕሮሰሰር ነውና ደወሉ ዝም አለ። ኃላፊው መጥተው የተበላሸውን እንቁላል አዩ፤ መሣሪያውን ሳይከፍቱ ፈረዱ፤ ጠባቂዋ አንቀላፍታለች። ለማስፈልፈያው ባለቤቶች ነግረው አክስትን ከሥራ አስወጧቸው። እሳቸውን ያንገበገባቸው ከሥራው ይልቅ «አንቀላፋች» መባሉ ነበር።

«እንቁላሉ ተቀቀለ፤ እኔንም አብረው ቀቀሉኝ» አሏት የእህታቸውን ልጅ።

እሷም የማስፈልፈያውን ባለቤቶች፣ ኃላፊውንና አክስቷን በአንድ ክፍል ሰበሰበች። ያንኑ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አኑራ በማሞቂያው ፈንታ አምፖል አሰረችበት። ኃላፊው መሰኪያውን ሊነቅሉ እጃቸውን ሲዘረጉ «ቆይ» አለቻቸው። ኃይሉን የሚቀንሰውን መዘውር፣ የተኛ ሕፃን እንደምታስቀምጥ ሁሉ፣ ቀስ እያለች አዞረችው። ከዚያ ኃይሉን ወደ ልኩ መለሰችው። አምፖሉ እንደበራ ቀረ። ሙቀት መለኪያውን የፈላ ውኃ ውስጥ ብትነክረውም አልጠፋ አለ። ዘበኛውን በቦታው በየደችውና ደገመችው፤ ኃይሉ ሲወርድ አምፖሉ ጠፋ፤ ሲመለስ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ታስሮ ቆየና እንደ አዲስ ተነሣ። መለኪያው የተነከረበት ውኃ አሁንም ይፋጃልና አምፖሉ እንደሚገባው ጠፍቶ ቆየ።

አክስት መሣሪያውን አይተው፣ ኃላፊውን አይተው፣ «ለካ ያንቀላፋው ሌላ ኖሯል» አሉ።

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መሐንዲሷ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኃላፊው በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ ብለው፣ አክስትን ይቅርታ ተደርጎላቸዋልና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ነገሯቸው።

«ይቅርታ ለአጥፊ ነው» አሉ አክስት። «እኔ ምን አጠፋሁና? አላንቀላፋችም ይበሉ።»

ባለቤቶቹ ወደ ኃላፊው ዞረው ጠበቁ። ኃላፊው በመጨረሻ ለጫማቸው የሚነግሩ ይመስል አንሾካሾኩት። አክስት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ለመኗቸው። ኃላፊው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፤ «አላንቀላፉም»።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አክስት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው የማስፈልፈያውን ቁልፍ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።