የመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ሥራውን ያስለመደችኝ አንዲት የዳባት ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ስትጽፍ የጽሕፈት መኪናውን አታየውም። ለማባዣ በሚሆነው ሰም የተቀባ ወረቀት፣ በስቴንስል ላይ የተመታ ፊደል ግን በቅጡ ስለማይለይ፣ ስህተት ለማረም ማጎንበስና ማፍጠጥ ግድ ነው። ብርሃን እንዲበዛላት ታስቦ ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር፣ ፊቷ ወደ ውጭ ሆኖ ተቀመጠ።

በዚያው በጋ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው የእህል መጋዘን አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ከረፋዱ ጀምሮ ዓይኗን ታሻለች። ይቀላል፣ ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራ ትጽፋለች። ጤና ረዳቱ የዓይን ቅባት ሰጣት። ጠበል ተጠመቀች። ጎንደር ድረስ ሄዳ ታየችና ዓይንሽ ደኅና ነው ተብላ ተመለሰች፤ ይኸ ደግሞ ይብስ አስፈራት። እናቷ በስተርጅና ማየት ተስኗቸው ስለነበር የእኔም መጨረሻ ይኸው ነው ብላ ደመደመች። ኃላፊያችን እረፍት ውሰጂ ቢሏት እንቢ አለች። ሥራውን ለቃ ዳባት ገባች።

ቦታዋ ለእኔ ተሰጠ፤ በእኔ ቦታ አዲስ ሰው ተቀጠረ። ብዙም ሳልቆይ የእሷው ሕመም ያዘኝ። ቀና ባልኩ ቁጥር የቆርቆሮው ነጸብራቅ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ወደ ስቴንስሉ ሳጎነብስ ደግሞ ይጨልምብኛል። አንድ ቀን ተላላኪውን አጋዥ አድርጌ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣልኝ ጠረጴዛውን አዞርኩት። መስኮቱ ላይ አቡጀዴ ሰቀልኩ። አልፎ አልፎም እየተነሳሁ በጓሮው በር ሩቅ ሩቁን ተራራ አይ ጀመር። ሕመሙ ተወኝ።

በገበያ ቀን ዳባት ሄጄ ክርና መርፌ ስትሸጥ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ዓይኗ አሁንም ያማት እንደሆነ ስጠይቃት፣

«ከመጣሁ ወዲህ አሞኝ አያውቅም። ጠበሉ የማረኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ጠረጴዛ ማዞር ብቻ ነበር እንዴ?» አለች።

ደባርቅ ተመልሼ ኃላፊያችንን እንደገና እንዲቀጥሯት ብለምናቸው አዘኑ፤ ክፍት ቦታ ግን አልነበረም።

አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ እኔ የምቀመጠው ከኋላዋ፣ ከጥላው ነበር። ምነው አንድ ቀን እንኳ ከእሷ ወንበር ተቀምጬ ውጭውን ባየሁት እላለሁ።