ጋሽ ደምሴ እና ፔዦዋ ውስጥ አለ የተባለው አየር

ጠዋት ደውለው "ጋሽ ደምሴ አረፉ" ሲሉኝ "የትኛው ጋሽ ደምሴ?" አልኩ። መካኒሳ አቦ ውስጥ ሌላ ጋሽ ደምሴ ያለ ይመስል። ትናንት እኮ በራችን ላይ ክላክስ አድርገውልኝ አልፈዋል።

ለማታውቋቸው፦ በዚያች ክሬም ቀለም የድሮ ፔዦ የሚዞሩት የቀድሞ የታክሲ ሹፌር ናቸው። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። አውቶሞቲቭ ተምሬ አንድ ትልቅ ጋራዥ ተቀጥሬ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ ግን የሰማችሁት የጋራዡን ሰዎች ወሬ ነው። ዛሬ የእኔን ስሙ።

የጋሽ ደምሴ ፔዦ የፍሪሲዮን ፔዳሏ ይይዝ ነበር። ሲረገጥ ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ቶሎ አይመለስም። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። አለቃችን የፍሪሲዮኑን ዘይት የሚገፉትን ሁለቱንም ፖምፓ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ ቀየረ። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፣ ያው ናት። እሳቸው ፊት ወደ እኔ ጠቆመና "እሷ ከዘይቱ ውስጥ አየሩን በደንብ ሳታወጣው ቀርታ ነው" አለ።

"አየር ቢኖር ፔዳሉ ይሰምጣል እንጂ አይይዝም" አልኩት።

"እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም።"

በዚያው ሳምንት አሰናበቱኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ደምሴ ፔዦዋን እያንገጫገጩ መጥተው በራችን ላይ አቆሟት። "አንቺ ልጅ፣ ቱታሽን ልበሺ።"

ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ወንዶች ከበቡን። አንዱ "ጋሽ ደምሴ፣ መኪናዋን የልጅ መጫወቻ አደረጓት እንዴ?" አለ።

"አንተ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ" አሉት። አደረገ።

ለእኔ ሁልጊዜ የሚሏትን አሉኝ፦ "እሷኑ ጠይቂያት። መኪና ሰው ፈርታ አትዋሽም።"

ሥር ገባሁ። እሳቸው ረግጠው ለቀቁ፤ ፍሪሲዮኑ እንደያዘ ቀረ። ከታችኛው ፖምፓ ላይ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ሳላላት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ፍሪሲዮኑ ተመለሰ። ግፊቱ የሆነ ቦታ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። ቡሎኗን አጥብቄ እንደገና አስረገጥኳቸው። አሁን ከላይ፣ ዘይቱን ከላይኛው ፖምፓ ወደ ታችኛው ከሚያወርደው የጎማ ቱቦ በፊት ያለውን መገጣጠሚያ አላላሁ። አልተመለሰም። መሃል ላይ ያለው ማንም ያልነካው ያረጀ ቱቦ ብቻ ነው። አውጥቼ ስቆርጠው ውስጡ አብጦ መርፌ አያሳልፍም። ዘይቱ በእግር ሲገፋ በግድ ያልፋል፣ ለመመለስ ግን አቅም የለውም።

ሰኞ አዲስ ቱቦ ገጥሜላት ፔዦዋ ስትድን፣ ጋሽ ደምሴ ያችን ቁራጭ ቱቦ ይዘው፣ እኔንም አስከትለው ጋራዡ ገቡ። ደንበኞች እያዩ የአለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት።

"ይኸው፣ ልጅቷን ያባረርክበት አየር።"

አለቃው ይቅርታ አልጠየቀኝም። እስካሁንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩን መኪና በራችን ላይ በራሴ ስም እሠራለሁ።

ዛሬ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አማቻቸው "ነገ ፔዦዋ ከአስከሬኑ ኋላ ትሂድ፤ ግን ከጋራዡ አንድ ወንድ ይጠራና ይንዳት። አሮጌ ናት፣ መንገድ ላይ ታዋርደናለች" ሲሉ ሰማሁ።

"አታዋርድም" አልኩ። "የማውቃት እኔ ነኝ፣ የምነዳትም እኔ ነኝ።"

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከሐዘን ፍራሻቸው ሳይነሱ ቁልፏን ዘረጉልኝ።

ጋሽዬ፣ ነገ የሚያጉረመርም አይጠፋም። መስታወቱን እስከ ታች አውርጄ፣ ፊቴን ሁሉም እያየው፣ ከኋላዎ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ። ወሬኞቹን ለእኔ ይተዉልኝ።