ከአስመራ ጅዳ በአንድ ከሰዓት

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በንጉሡ ዘመን፣ እዚሁ ከሚሴ ነው። ዛሬም አንዱ ሲያወራ ሌላው «ይዋሻል!» ሲል ከሰማሁ ደንገጥ እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ መሐመድ እኔ ገና ጎረምሳ ሳለሁ በእግሩ ለሐጅ ወጥቶ እዚያው ጅዳ ቀረ። በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ መድረሱን የሰማነው በዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለእኔ ጅዳ ማለት የዓመት መንገድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤቴ ሰይድ ለሐጅ ሄዶ በወሩ ከች አለ። ሰፈሩ በድቤና በመንዙማ ተቀበለው። እኔም ከሰው ላለመለየት ሄድኩ። ሐጂ ሰይድ ነጥሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ኡመር፣ ወንድምህን ጅዳ አገኘሁት። ታሟል። ‹ኮቱ፣ ና በለው፣ ቶሎ ይምጣ፣ ዓይኑን ሳላየው እንዳልሞት› ብሎሃል።»

«መንገዱስ ስንት ቀን ነው?» አልኩት።

«እስከ አስመራ በመኪና ሦስት ቀን። ከዚያ በአውሮፕላን ነው። የቀትሩን ዙህር አስመራ ከሰገድክ የከሰዓቱን ዐስር ሰላት ጅዳ ትሰግዳለህ።»

ሳቄ መጣ። አገር ውስጥ ያለው አስመራ ሦስት ቀን ፈጅቶ ባሕር ማዶው በአንድ ከሰዓት? ይህ ሰውዬ ደሴ ዘመድ ቤት ከርሞ ነው የመጣው አልኩ በሆዴ። ልፈትነው ብዬ የወንድሜን መልክ ጠየቅኩት።

«ቀጭን ነው። ጢሙ ነጭ በነጭ ሆኗል።»

ያዝኩት! ወንድሜ ከቤት ሲወጣ ጢሙ ከሰል ነበር። በዚያ ላይ ሰይድ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው የማሽላ እርሻችን ድንበርተኛዬ ነው። እኔን ባሕር አሻግሮ ድንበር ሊገፋ ነው እንጂ የወንድሜ ነገር መቼ አንገብግቦት! «ወላሂ!» ብሎ ማለልኝ። ጭራሽ ባሰብኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ የድንበሩን ድንጋዮች ስጠብቅ ከረምኩ። አንዱም አልተነቃነቀም። ያ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ፋጡማ ሰለቻት። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? የራስህን ጢም አይተኸዋል?» አለችኝ።

እጄ ወደ አገጬ ሄደ። እኔ ታናሹ እንኳ ሸብቻለሁ።

በሳምንቱ በሬ ሸጬ ተነሳሁ። አስመራ ላይ የጉዞ ወረቀቴ እስኪያልቅ ሌላ ጊዜ ሄደ። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጬም አላመንኩም፤ አስተናጋጇን «እውነት ጅዳ ነው የምንወርደው?» እያልኩ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ዐስር ሰላትን ጅዳ ሰገድኩ።

የወንድሜን ቤት አጠያይቄ ስደርስ በሩን የከፈተልኝ አብሮት ይኖር የነበረ የሐረር ሰው ነው። ወንድሜ ከተቀበረ ሃያ ቀን ሆኖት ነበር።

«ከአስመራ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ሁሉ በምርኩዝ እየተጎተተ ሄዶ ማረፊያው በር ላይ ይቆም ነበር» አለኝ ሰውየው። «እባክህ ተኛ ስንለው ‹መንገዱ አጭር ነው፤ ዛሬ አይቀርም› ይለን ነበር።»

ስመለስ ሐጂ ሰይድ እግር ላይ ወድቄ «አፉ በለኝ» አልኩት። አፉ አለኝ። ወንድሜን ግን አፉ በለኝ የምልበት ቦታ የለኝም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።