ከላይ በኩል የቆመው ሰው

እኔ ፈጣን ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ የሚዛንን ዳገትና ጭቃ ለዓመታት በቦቲ ጫማ የወጣሁ የወረድኩ ነርስ ስለሆንኩ እግሬን አውቀዋለሁ። ከሸዋ ቤንች ባሻገር ወዳለች አንዲት ቀበሌ ለክትባት ስንወጣ ግን ፈጣን ያልሆነ ሰው ተጨመረብኝ። የቢሯችን የመረጃ ባለሙያ ነው፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ባጃጅ ላይ ሲወጣ ሾፌሩ ዞር ብሎ ጎማውን የሚያይለት። የሕፃናቱን መዝገብ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ "እኔ እሄዳለሁ" አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መኪናው መንገዱ እስካለቀበት አድርሶን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ፣ ቁልቁል ወደ ወንዝ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ከቀበሌው ሁለት ገበሬዎች ሊቀበሉን መጥተው ነበር፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ። ጎልማሳው የመርፌውን ካርቶን ተሸከመ። የክትባቱን ሳጥን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ውስጡ ያለው በረዶ ሳያልቅ መድረስ ነበረብን። በረዶው ካለቀ ክትባቱ ይበላሻል፣ ልጆቻቸውን አዝለው ከየጎጡ የመጡት እናቶችም እንዲሁ ይመለሳሉ። ባለፈው ዙር ዝናብ አስቀርቶን ተመልሰው ነበር። አሁንም ከተመለሱ ሦስተኛ ጊዜ እንደማይመጡ አውቃለሁ።

ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ የመረጃው ሰው የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ። መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል።

"ሲስተር፣ ትንፋሼ ይመለስ።"

"ትንፋሽህ እስኪመለስ በረዶው ውሃ ይሆናል" አልኩት።

"እሺ፣ ሂጂ" አለ። አልተቆጣም።

ሄድኩ። ሽማግሌው ከእሱ ጋር ቀረ፤ እኔ ጎልማሳውን አስከትዬ ዳገቱን ጨረስኩና ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ማንም እንደማይደርስብኝ እያሰብኩ ደስ ብሎኝም ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጎልማሳው ካርቶኑን አስቀመጠና ቁጭ አለ። ሌሊቱን ስለዘነበ ውሃው ደፍርሶ፣ ጠርዙን ሞልቶ ይወርዳል።

"ምን ሆንክ? ተነስ እንሻገር" አልኩት።

"ሲስተር፣ ሁለት ሰው አይሻገርም። ውሃ ይወስዳል። እነሱ ይምጡ።"

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ አልተነሳም። ሳጥኑን ከፍቼ በረዶውን እንዳላይ፣ በከፈትኩት ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። በሩጫ ያተረፍኩትን ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ሁለቱ ቀስ ብለው መጡ። የመረጃው ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አየኝና "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። ሳጥኑን አንስቼ ተነሳሁ።

ሽማግሌው ረጅም እንጨት ቆርጦ አመጣ። በሬ እንደሚገዛ ሰው አንድ በአንድ አየንና የመረጃውን ሰው ትከሻ መታ አደረገው።

"አንተ ከላይ በኩል። ውሃው መጀመሪያ አንተን ይምታ። ሲስተር ከአንተ ቀጥላ፣ እኛ ከታች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ወንዝ ሲሞላ እንዲህ ያለ ሰው ካላገኘን ቤታችን እንቀመጣለን።"

ማንም አልሳቀም። ሳጥኑን በነጠላዬ እንደ ልጅ አዘልኩት፣ መዝገቡንም ከላዩ ሸጎጥነው፤ ጎልማሳው ካርቶኑን ትከሻው ላይ አደረገ። አራታችን አንዱን እንጨት ይዘን፣ ሽማግሌው "ርገጥ" ባለ ቁጥር እኩል እየረገጥን ገባን። መሐል ላይ ውሃው መጥቶ ያንን ትልቅ ሰውነት ሲመታ፣ የውሃው ጉልበት እዚያው ላይ ሲሰበር አየሁ። እኔ ጋ የደረሰው ትርፉ ነው፤ እሱም ቢሆን እግሬን አንሸራተተው። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"እንጨቱን ብቻ ያዢ" አለኝ። ድምፁ ቢሮ ውስጥ ወረቀት አቀብዪኝ ሲል ካለው አይለይም።

ያዝኩ። ተሻገርን።

ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ከመጀመሪያው ይብሳል። "አንተ ቅደም" አልኩት፤ "በአንተ እርምጃ ነው የምንሄደው።" ቀደመ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠም። እያለከለከ ባለፈው ዙር ያመለጣቸውን ሕፃናት ስም መዝገቡን ሳይገልጥ በቃሉ ይጠራል፤ ገበሬዎቹም ከፊት ከኋላ ሆነው የዚህኛው ቤት እዚያ ጋ ነው፣ ያቺ ደግሞ ጥርስ አውጥታለች ይሉታል። ሳጥኑን ጎልማሳው ተቀበለኝ፣ ከእሱ ሽማግሌው ተቀበለው። እኔም ሰጠሁ።

ስንደርስ ጥቂት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለመሄድ ተነስተው ነበር። ሳጥኑን ከፈትኩ። አንዱን የበረዶ ላስቲክ አውጥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት፤ በውሃው መሐል የቀረው በረዶ ኳ አለ። ሄጄ በመረጃው ሰው ጆሮ ሥርም ነቀነቅኩለት።

"ጥዬህ መሄዴ ጥፋት ነበር" አልኩት።

"ግድ የለም" አለና መዝገቡን ገለጠ። "ስንመለስም ወንዙ እዚያው ነው።"